ብቻውን ያቆመው ወርክሾፕ

አናጺው ያን የሚያክል ወርክሾፕ ብቻውን አቆመ። ግንበኛ የለ፣ በያጅ የለ! "ቤት የሚሠራው ብር ሳይሆን ጭንቅላት ነው" እያለ ሰፈሩን አሰለቸው። ብረት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ እነዚያን ወፋፍራም ቋሚዎች ከየት እንዳመጣቸው ሲጠይቁት፣ ፈገግ ይልና ሌላ ቡናማ ቀለም ይደርብባቸዋል። ታማኝ ሰው ስለሆነ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እንኳ ያለው በእሱ እጅ ነው።

አማቱ ሲያርፉ እድርተኛው ድንኳን ሊተክል መጣ።

"ኧረ በሞቴ!" አለ አናጺው። "ይሄ ሁሉ ወርክሾፕ እያለ ለምን ትደክማላችሁ?"

ሰው ሁሉ ደግነቱን እያደነቀ ገብቶ ተቀመጠ፤ ንፍሮውም እዚያው ተበላ።

በሠልስቱ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ድልነሳው አንዱን ቋሚ ተደግፈው ሲያወጉ፣ ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ የእድሩ ስም ብቅ አለ። ድምፃቸውን አጥፍተው አነበቡትና ጎረምሶቹን ጠሩ።

"በሉ ልጆች፣ ሠልስት ነው፤ ድንኳኑን አንሱ።"

"ጋሽ ድልነሳው፣ ድንኳን መቼ ተተከለና?"

"ተተክሏል። ከቆርቆሮው ጀምሩ።"