የኢተፋ ዋስ

ኢተፋ ቀኝ እጁን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ወጌሻው ያሰረለት እንጨት ከተፈታ ሰንብቷል፤ ጣቶቹ ግን እንደተቆለመሙ ቀርተዋል።

"እስቲ ጨብጥ" አሉት የእቁቡ ዳኛ ኦቦ ጃራ።

ሞከረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጋር ሊገናኝ አልቻለም።

"በቃ ልጄ፣ በቃ። ያ ዋቅ፣ አምላኬ!" ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የሱሉልታ ነጋዴዎች እንደ ወትሮው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ የሺወርቅ ጠጅ ቤት ተሰብስበዋል። ኢተፋ ኮርቻ ሰሪ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ጫንጮ ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ በእጁ ሥራ ይቀመጣል። የገና በዓል ሲቃረብ አዲስ ኮርቻ በአንዲት ደንባራ በቅሎ ላይ ሲለካ ጠፍሩ እጁ ላይ ተጠመጠመና በቅሎዋ እስከ ወንዙ ጎተተችው። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ዝግ ነው። ዛሬ የመጣው፣ የእቁቡ ብር እጣ ሳይጣልበት ለእሱ እንዲሰጠው ሊለምን ነው። ኮርቻ የሚሰፋ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ቀጥሮ፣ ቆዳውን ራሱ እየመረጠና እየለካ ሱቁን ሊከፍት አስቧል።

"የሚቃወም አለ?" አሉ ኦቦ ጃራ።

ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ጠረገ። አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። "እኔ አልቃወምም። ኢተፋ ወንድማችን ነው። ግን ጤነኛውም ቢሆን ያለ ዋስ ወስዶ አያውቅም። ቀድሞ ከወሰደ በኋላ መክፈል ቢያቅተውስ? ዋስ ያቅርብ።"

"እውነት ነው። ኢተፋ፣ ዋስህ ማነው?" አሉ ኦቦ ጃራ።

ኢተፋ ስም አልጠራም። ዓይኑን ብቻ አነሳና በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው ወደ ቆዳ ነጋዴው ወደ ዓባይነህ አየ። የሌሎቹም ዓይን ተከተለው።

ዓባይነህ ይህ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ "እሺ እላለሁ" ብሎ ቆርጧል። ጣሊያን በወጣ ማግስት ከመንዝ መጥቶ እዚሁ እቁብ ልግባ ሲል፣ "ይህን ሰው የሚያውቀው ማነው?" ተብሎ ነበር። ያን ጊዜ ኢተፋ ከጥግ ተነስቶ፣ "እኔ አውቀዋለሁ፤ በእኔ ይሁን" አለ። የሚያውቀው ገበያ ላይ በማየት ብቻ ነበር። በኋላ ዓባይነህ "ምኔን አይተህ ነው?" ቢለው፣ "በዚያ ዝናብ ጋቢህን ለቆዳው አልብሰህ አንተ ትበሰብስ ነበር" ብሎ ሳቀ።

ግን ያንን እጅ እስከ ዛሬ ገልጦ አላየውም ነበር። አሁን አየው። ይህ እጅ ወስፌ አይጨብጥም። የተቀጠረው ሰው ትቶት ቢሄድስ? ሱቁ ባይሠራስ? የራሱ ቤት ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ አልለበሰም፤ ክረምቱም ደርሷል። እሺ የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ነበር። ትንሽ ልቆይ አለ። አንድ ሰው ቢጨመር፣ ለሁለት ቢዋሱት ይቀላል። ሌላው እስኪናገር ብርሌውን አንስቶ ተጎነጨ።

ማንም አልተናገረም። ከብርሌው ቀና ሲል ኢተፋ እጁን ወደ ጋቢው መልሶታል።

"ተዉት ኦቦ ጃራ" አለ ኢተፋ፣ ቀለል አድርጎ። "እኔም ሳላስብበት ነው የመጣሁት። ባለሙያውም ገና እሺ አላለኝም። እጣው ይጣል።"

ውሸቱን ነበር። ባለሙያውን አዲስ አበባ ድረስ ወርደው ያነጋገሩት ሁለቱ አብረው ነበሩ፤ ሰውየው እሺ ሲል ዓባይነህ በጆሮው ሰምቷል። ኢተፋ ይህን ያለው እሱን ከሰው ዓይን ሊያወጣው እንደሆነ ገባው። አሁን እንኳ "ቆይ" ማለት ይችል ነበር። እጣው ግን እየተቀላቀለ ነው፤ ኦቦ ጃራም ፊታቸው ፈታ ብሏል። ለጨው ነጋዴው ለተሾመ ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ። ኢተፋ በግራ እጁ ጉልበቱን መታ መታ አደረገና ተነስቶ ወጣ።

ዓባይነህ ተከትሎት ሲወጣ ፈረሱን ሊጭን ሲታገል አገኘው። የኮርቻውን የሆድ ጠፍር ጫፍ በጥርሱ ነክሶ በግራ እጁ ይጎትታል።

"ቆይ፣ እኔ ላጥብቀው።"

ኢተፋ ጠፍሩን ከአፉ ለቆ ቦታ ሰጠው። ዓባይነህ ጎንበስ ብሎ አጠበቀ፤ ቀና ማለት ስለከበደው ደግሞ አጠበቀ።

"እኔ እኮ ልናገር ነበር፣ ኢተፋ። አፌ ላይ ነበር። ለሚመጣው እሑድ እኔ ራሴ..."

ኢተፋ እርካቡን ረግጦ ወጣ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ኮርቻ ሊገዛ የመጣን እንግዳ የሚያስተናግድ ይመስላል።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ዓባይነህ" አለ። "ተቸገሩ። ለቤተሰብዎ ሰላም ይበሉልኝ።"

ዓባይነህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ኢተፋ ዋስ ከሆነው ቀን ጀምሮ ዓባይ ነበር የሚለው፤ ሲቆጣውም፣ ሲስቅበትም አንተ እያለ ነው። አቶ ብሎት አያውቅም።

ከውስጥ "ዓባይነህ! ጠጁ ተቀድቷል!" እያሉ ይጠሩታል። እሱ አጥሩን ተደግፎ መንገዱን ያያል። ፈረሱ ከዓባይነህ የቆዳ መጋዘን ፊት ለፊት ሲደርስ፣ እንደለመደው አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። ኢተፋ በግራ እጁ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ወደ መንገዱ መለሰው።