ይመስገን አልኩሽ እኮ

«ጋሼ ዋለልኝ፣ እንደገና ልጠይቅዎት። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ የለም ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።»

ብሩክታይት በረጅሙ ተነፈሰች። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቷ ቤዝመንት ውስጥ ሌሎቹ ሁለት እንግዶች ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ራእይ ያሳያል የሚባለው መራራ የቅጠል መጠጥም ተቀድቷል። የመጠጡን ሥርዓት የምትመራው እሷ ናት። ፔሩ ሄዳ ስትማር ያስተማሯት አሮጊት ዋና ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ጤናውን የማታውቂውን ሰው አታጠጪ። መጠጡ ከአንዳንድ ኪኒን ጋር ከተገናኘ ይገድላል። አሮጊቷ ግን የሐበሻ ሽማግሌ ጠይቀው አያውቁም። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ይመስገን የሚል ሰው እንዴት ተደርጎ ይመረመራል?

«ደም ግፊትስ? ስኳር? እንቅልፍ?»

«ይመስገን አልኩሽ እኮ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ ጋሼ።»

«እውነት ነው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የዛሬ ሰው ድብቅ ነው።»

ሳቋ ሊመጣ ሲል ንዴቷ ቀደመው። ሰውየው ከአሌክሳንድሪያ ባስና ባቡር ቀያይረው የመጡት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የሟች ባለቤታቸው የጌጤነሽ መልክ እየጠፋባቸው ሄዷል። ይህን መጠጥ የቀመሰ የሞተ ሰው ያያል ብሎ አንዱ ነግሯቸዋል።

«እሺ፣ ጠዋት ምን በሉ?»

«ምንም» አሉ ኮራ ብለው። «እህል አልቀመስኩም። ያችን ሐኪሞቹ ለሐሳብና ለጭንቀት የሰጡኝን ኪኒን እንኳ ከትናንት ጀምሮ ትቻታለሁ። ጠበል የሚገባ ሰው ኪኒን ይውጣል እንዴ? ያንቺንም መድኃኒት አክብሬ ነው።»

ብሩክታይት ጽዋውን ከፊታቸው አነሳች።

«ስጠይቅዎት የለም አሉኝ እኮ።»

«አሁን አልወስድም፤ ምን ዋሸሁ?»

«ይሄ ጠበል አይደለም፣ ጋሼ። ኪኒኑ በአንድ ቀን ከሰውነት አይወጣም። አላጠጣዎትም።»

«ብሞትም ፈቅጄ ነው። እሷን ልይ ብዬ ነው።»

«እኔስ? በእጄ ገድዬዎት እንዴት ልኑር?»

ብሩክታይት የሳቸው ፋርማሲስት ጋ ኮል አድርጋ ጠየቀች፤ የዛሬዋን እንደ ወትሮው ይውሰዱ አላት። ሽማግሌው ኪኒኗን በሶፍት እንደተጠቀለለች ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ብሩክታይት ከቧንቧ ውኃ ቀድታ ሰጠቻቸውና ወገቧን ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«ይዋጧት።»

ዋጡ። አላመነቻቸውም።

«አፍዎን ይክፈቱ። ምላስዎን ያንሱ።»

አነሱ። ከዚያ ቀና ብለው አይዋት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ጌጤም እንዲህ ቆማ ነበር የምታስውጠኝ» አሉ። «እስቲ ትንሽ እንደዚያው ቁሚልኝ።»

እንግዶቹ እየጠበቁ ነው። ብሩክታይት እጆቿን ከወገቧ ሳታወርድ ቆመችላቸው።