ቡዝ ስሪ ማን ነው?

"ናቲ… ራት በላህ?"

"ያ።"

"ሥራስ እንዴት ዋለ?"

"ፋይን።"

በሩ ተዘጋ።

በቃ… የአባትና የልጅ የዛሬ ወሬ ይህችው ናት። የትናንቱም ይህችው ነበረች።

አቶ ኃይለየሱስ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

አሜሪካ፣ ዳውንታውን ኦክላንድ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ቀኑን ሙሉ ጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ይቀበላሉ፣ በር ይከፍታሉ። ከዚያ ደግሞ ያ የማያልቅ ትራፊክ… ሳን ሆዜ ቤታቸው ሲደርሱ ወገባቸው የራሳቸው አይመስላቸውም።

ልጃቸው ናታን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሳንታ ክላራ አንድ የቴክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራል። አማርኛ ይሰማል፣ መናገር ላይ ግን ይሰንፋል።

ነፍሱ ሆኪ ላይ ናት። በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት… አዎ፣ እሱ። የክፍሉ ግድግዳ በከተማው ቡድን በሻርክስ ማሊያ ተሞልቷል።

"ከእኔ ጋር የሚያወራው ያጣ ልጅ፣ ኢንተርኔት ላይ ከነዚህ የሆኪ ደጋፊዎች ጋር ምን ቢያወራ ነው?" አሉ አባት አንድ ቀን ለራሳቸው።

እናም እዚያች የመስታወት ቤት ውስጥ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት፣ ናታን የማይጠፋበትን የደጋፊዎች ገጽ ተቀላቀሉ። ስም ሲጠየቁ "ቡዝ ስሪ" ብለው ሞሉ።

የሚሠሩበት የመስታወት ቤት ቁጥር ነው፣ ቡዝ ሦስት።

ልጁ ይህን ቢያውቅ ገና በመጀመሪያው ቀን ይነቃባቸው ነበር። ግን አባቱ የት ተቀምጠው እንደሚውሉ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። አባት የድሮ የሆኪ ታሪክ እያነበቡ ስለሚከራከሩት፣ ቡዝ ስሪን አንድ የካናዳ ጡረተኛ ነው ብሎ ደምድሟል።

አንድ ማክሰኞ ናታን ገጹ ላይ ጥያቄ ለቀቀ። (በእንግሊዝኛ ነው የሚጻጻፉት፣ በእኛ ቋንቋ ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ።)

"ከሆኪ ታሪክ አንድ ታላቅ ተጫዋች ለቡድናችን ጨምሩ ብትባሉ፣ ማንን?"

ገጹ ቀውጢ ሆነ!

"ግሬትስኪ! ይሄ ምኑ ያከራክራል?"

"ግሬትስኪ። አለቀ።"

ናታንም የግሬትስኪ ወገን ነው። ቡዝ ስሪ ብቻቸውን ቀሩ።

"እኔ ቦቢ ኦርን።"

"ተከላካይ?!" አለ ናታን። "ሽማግሌው፣ ዛሬስ ምን ነካህ?"

"ከኋላ ይጠብቃል፣ ከኋላ ተነስቶም ያገባል። ጉልበቱ እስኪከዳው ተጫውቷል። እናንተ የሚታያችሁ ፊት ያለው ብቻ ነው።"

ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ።

አባት ምሳቸውን በአንድ እጅ እየበሉ በሌላው ይጽፋሉ። እየሳቁ። ቤት ሲገቡ ደግሞ…

"ራት በላህ?"

"ያ።"

በሦስተኛው ቀን ናታን በውስጥ መስመር ጻፈላቸው።

"ካንተ ጋር መከራከር ደስ ይለኛል። ምናለ አባቴ እንዳንተ ቢያወራኝ… እሱ ሥራ፣ ሶፋ፣ እንቅልፍ ነው። ስለ እኔ ግድ ያለው አይመስለኝም።"

አቶ ኃይለየሱስ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። አንድ መኪና ክላክስ አደረገባቸው… በር መክፈቱን ረስተውታል።

እኔ ነኝ ልበለው? ካሉት ያፍራል። ገጹን ጥሎ ይወጣል። ያቺ ያለቻቸው የልጃቸው ወሬም ትቀርባቸዋለች።

ሳይነግሩት ቀሩ።

ናታን ቀጠለ። "ቅዳሜ ጨዋታ አለ። ሁለት ትኬት ይዣለሁ። ለምን ተገናኝተን አንከራከርም?"

ከልባቸው በፊት ጣታቸው መለሰ። "እሺ። ስንት ሰዓት?"

"ሰባት ፒኤም።"

"ጥሩ፣ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ።"

ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖረውም፣ ሰዓት የሚቆጥሩት ዛሬም እንደ ሐበሻ ነው። ስህተቱ፣ በእንግሊዝኛም «ዋን ኦክሎክ» ማለታቸው፣ የገባቸው ከላኩት በኋላ ነው። ቶሎ አጠፉት። ናታንም መልስ አልሰጠም።

"ተመስገን፣ አላየውም" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት "ይቅርታ፣ አሞኛል፣ አልመጣም" ብለው ጻፉ። ሙሉ በሙሉ ውሸትም አልነበረም። ደክሟቸዋል… ከሥራው ይልቅ መደበቁ አድክሟቸዋል። ሶፋው ላይ ጋደም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ያ በር ተከፈተ።

ናታን ማሊያውን ለብሷል። ሌላ ማሊያ በእጁ ይዟል።

"ዳድ… ጌሙ አንድ ሰዓት ላይ ነው።"

በአማርኛ!

አባት ቀና አሉ። "ምን አልከኝ?"

"ሰባት ፒኤምን አንድ ሰዓት የሚለኝ… ካንተ ሌላ ማን አለ?" የያዘውን ማሊያ አጣጠፈ። "ስላንተ የጻፍኩት… አይም ሶ ሶሪ፣ ዳድ። ግን ለምን እዚህ አላወራኸኝም?"

"እዚህማ በየቀኑ አንኳኳሁ እኮ፣ ልጄ። አንተ የከፈትክልኝ እዚያ ነው።"

ናታን ማሊያውን አባቱ ጭን ላይ አስቀመጠና አጠገባቸው ቁጭ አለ።

ወደ ስታዲየሙ ሲሄዱ የነዳው ናታን ነው።

"ግሬትስኪ ግን ይበልጣል።"

"አይበልጥም።"

ሳቁ። ከዚያ ናታን ጠየቀ።

"ዳድ… ቡዝ ስሪ ምንድን ነው?"

አቶ ኃይለየሱስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጃቸው ስለ ውሏቸው ሲጠይቃቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ወዳጆቼ… የማናውቀውን ጀግና ፍለጋ የስንት ዓመት ታሪክ እናገላብጣለን። ደክሞት ሶፋው ላይ የተኛውን ግን ውሎህ እንዴት ነው አንለውም። አባትየውም ቢሆኑ ከ"ራት በላህ" የተሻለ ጥያቄ አያጡም ነበር፣ እሱን አልክድም። ቢሆንም አንኳኩተዋል። የሚያንኳኳ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ይደክመዋል።

እስቲ እውነቱን ተናገሩ… አባታችሁ ወይም እናታችሁ ቀኑን ሙሉ የት ተቀምጠው፣ ምን እያዩ እንደሚውሉ ታውቃላችሁ? የማታውቁ አሁኑኑ ጠይቁና የመለሱላችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ… አነባለሁ።