ያዢው

ሰኢዳ እጇን ወንዙ ውስጥ ነክራ አወጣችና ለሁሉም አሳየች። ትናንት ጠጠሩ ሳይቀር ወለል ብሎ ይታይበት የነበረው ውሃ ቀይ ጭቃ ሆኗል።

«ደጋ ላይ ዘንቧል» አለች። ልጅነቷን እዚሁ አዋሽ ዳር ያሳለፈች ናት። «ወላሂ፣ ይሄ ውሃ ቁርስ እስክንበላ አይጠብቀንም።»

ድንኳኖቹ ባንዴ ይነቀሉ ጀመር። አዳይቱ አጠገብ አዋሽ ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ በተወው የአሸዋ ደሴት ለማደር እነዚህ የሰመራ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ስንት ጊዜ ሲመኙ ኖረው፣ ገና ትናንት ማደራቸው ነው። ሰው እንኳ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሻገራል። ጭንቁ የመኪናዋ ነው።

መኪናዋ የባልደረባቸው የስንቅነሽ አባት የጋሽ ደስታው ላንድክሩዘር ናት። ዕድሜያቸውን ከአዋሽ ጅቡቲ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ጥሪታቸውን አሟጠው የገዟት ናት። ከሚስታቸው ቀጥሎ የሚወዱት እሷን ነው ይባላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አንዳንዴ ያጠራጥራል። ትናንት አመሻሽ ላይ ከወጣቶቹ ጋር አሸዋ ላይ ኳስ ካልተጫወትኩ ብለው በግራ እጃቸው ላይ ወደቁ። አሁን አንጓቸው ዳቦ አክሎ አብጧል፤ መሪ ማዞር ቀርቶ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል።

ከቀሩት ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያላት ስንቅነሽ ብቻ ናት። መንጃ ፈቃዷን ያወጣች ቀን አባቷ ገልብጠው አይተውት «ደግ ነው፤ ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪው» ብለዋት ነበር። እሷም አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ላንድክሩዘሯን አጥባ እንጂ ነድታ አታውቅም።

«ወንዙን ብቻ አሻግሪልኝ» አሏት ቁልፉን እየሰጧት። ዓይኗን አላዩም። «ከዚያ ወዲያ አዳይቱ ደውዬ ሹፌር አስመጣለሁ። አስፋልት ላይ አንቺ አትወጪም።»

ስንቅነሽ እርር አለች። ቢሆንም ገብታ ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋች።

የጎማዎቹ አየር ተቀነሰ። ፎር ዊሉን አስገባች። «ፍሬን እንዳትነኪ» አሉ ጋሽ ደስታው በመስኮቱ በኩል። «አሸዋ ላይ የቆመ መኪና የተቀበረ መኪና ነው።»

ላንድክሩዘሯ አጓርታ ተነሳች። አሸዋው ወደ ግራ ወሰዳት፣ ስንቅነሽ መለሰቻት፤ ወደ ቀኝ ወሰዳት፣ መለሰቻት። ልጆቹ ከኋላ እየገፉ ይሮጣሉ። ውሃው ጫፍ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ የሒሳብ ክፍሉ ቢያድግልኝ ጉጉቱ አላስችል አለውና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«ያዢው! ያዢው ስንቄ!»

እግሯ ከሐሳቧ ቀደመ። ፍሬኑን ረገጠችው። ላንድክሩዘሯ እንደ ግመል ተንበረከከች።

«ምን ነካሽ?» አለ ቢያድግልኝ እያለከለከ።

«ያዢው አልከኝ!»

«መሪውን ያዢው፣ በርቺ ማለቴ ነው እንጂ!»

ስንቅነሽ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር በአባቷ ከባድ መኪና ጋቢና እየተጓዘች ያደገች ናት። ረዳቱ «ያዘው!» ካለ መኪና ይቆማል፤ በሩን ደብደብ አድርጎ «ሳበው!» ካለ ይሄዳል። ፊደል ሳትቆጥር በፊት የለመደችው ቋንቋ ነው። ቢያድግልኝ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ይህን ከየት ይወቀው?

ውሃው ወደ ጎማዎቹ እየቀረበ ነው። ጋሽ ደስታው የሹፌሩን በር ከፈቱ። «ውረጂ» ሊሏት እንደሆነ ገባትና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አልወርድም» አለች ቀድማ። «አባዬ፣ እኔው ቀበርኳት፣ እኔው አወጣታለሁ።»

አባቷ ለአፍታ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«ሰሌን አምጡ! ደግሞ ከአሁን ወዲያ አፉን የሚከፍት ሰው አዞ ይብላው!»

አሸዋው በሳህን፣ በብረት ድስት ክዳን፣ በእጅም ተዛቀ። ሰኢዳ ያደረችበትን ሰሌን ከፊት ጎማዎቹ ስር አነጠፈች፤ ከኋላዎቹ ስር ድንኳኖቹ ገቡ። ጋሽ ደስታው ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንዙ ውስጥ ገቡና ጥልቀቱን በገዛ እግራቸው እየሞከሩ፣ ደህናውን እጃቸውን አንስተው ከፊቷ ቆሙ። ውሃው ጉልበታቸውን አልፏል።

ስንቅነሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። ጎማው ሰሌኑን ነክሶ ያዘ። ላንድክሩዘሯ ተንቀጠቀጠች፣ ከጉድጓዷ ተነሳች፣ ወንዙ ውስጥ ገባች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ቢያድግልኝማ የሚገፋው በትከሻው ነው፤ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኗል። ውሃው በሩን እየመታ ኮፈኑ ላይ ይረጫል። አባቷ እጃቸውን ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ወደ ግራ ሄደች፣ ቀጥ ሲያደርጉት ቀጥ አለች። የማዶው ዳገት ጋ ስትደርስ ነዳጅ ጨመረችበት። ለጥቂት ጊዜ ሰማይ ብቻ ታያት፤ ከዚያ አራቱም ጎማዎች ደረቅ መሬት ረገጡ።

ያን ጊዜ የታፈነው ሁሉ ፈነዳ። ሰኢዳ ወገቧ ድረስ እንደራሰች እልልታዋን አቀለጠችው። ቢያድግልኝ መሬት ላይ ተንከባለለ። ስንቅነሽ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ሳቀች፤ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ዕቃው ተጭኖ ሰዉ ሲገባ ጋሽ ደስታው ውሃ እየተንጠፈጠፉ መኪናዋን ዞሯት። የፊት መብራቷን በእጅጌያቸው ጠረጉላት። ስንቅነሽ ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ አዳይቱ ለሹፌሩ ልደውልለት?»

«የምን ሹፌር?» አሉ። «ጎማውን አዳይቱ ታስነፊና ቀጥ ብለሽ ወደ ሰመራ ነው።»

ዞረው ረዳት በሚቀመጥበት በኩል ገቡ። መስኮቱን አወረዱ፣ የቀረ ሰው አለመኖሩን ወደ ኋላ አዩ፣ ከዚያ ደህናውን እጃቸውን አውጥተው በሩን ደብደብ አደረጉት።

«ሳቢው!»