በለውዝ ቅቤ ዕቃ ውስጥ

ሙሉብርሃን ዕቃውን ያገኘችው ሰባተኛው አልጋ ሥር መወልወያዋ ሲነካው ነው። በስደተኞች ጣቢያ የሚታደለው የለውዝ ቅቤ ዕቃ ነበር። ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠምጥሟል፤ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁን ገልጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

ውስጡ አጥንት ነበር። እንደ ዝንጅብል ጉጥ ጉጥ ያለ፣ ጭብጥ የሚያህል፣ ጫፉ ላይ የሥጋ ክር የተንጠለጠለበት አጥንት፣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ።

ዕቃውን ከፊቷ አራቀችው።

ሙሉብርሃን የቀዶ ሕክምና ማዕከሉ የጽዳት ኃላፊ ናት። ነጭ ጋዋን ስለምትለብስ ግን ጋምቤላ ከመጣች ጀምሮ በሽተኛው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «አይደለሁም» ብላ አታውቅም።

አጥንቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሰባተኛው አልጋ ላይ የተኛው ከኩሌ የስደተኞች ጣቢያ የመጣው ኮአንግ ነው። ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አጥንቱ ላይ ሌላ አጥንት እየበቀለ የሚያሰቃይ፣ ከአባቱ የወረሰው በሽታ አለበት። ለአንድ ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣው ሐኪም ሦስቱን ከክንዱ፣ ትልቁን ከቀኝ ጉልበቱ አወጣለት። «በወሩ እመለሳለሁ፤ እግሩ መቆረጥ አለመቆረጡን ያኔ እንወስናለን» ብሎ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል አለፈ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሙሉ ያን እግር እያየ ነው የሚውለው። ሙሉብርሃንም ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ብላ ወለሉን በቀን ሦስቴ በበረኪና ታስወለውላለች።

«አገኘሽው?» አለች አቢጋኤል፤ ጎን ባለው አልጋ ላይ ባሏን የምታስታምም ሴት ናት። «እኔማ ቀፎኝ ምሳ መብላት አቁሜያለሁ። እናቱ እንደ ሕፃን አቅፋው እኮ ነው የምትቀመጠው!»

«ምን ልታደርገው?»

«ምን ታደርገዋለች፣ ለጠንቋይ ነዋ! አባቱንም የገደለው ይኸው አጥንት ነው ብላ ራሷ ነግራኛለች። ደግሞ እስቲ እይው፣ ዝንብ እንኳ አያርፍበትም።»

እውነቷን ነው። አጠገቡ የነበረውን የገንፎ ሳህን ዝንብ ወርሮታል፤ ዕቃው ላይ ግን አንድም የለም። ሙሉብርሃን አፍንጫዋን ወደ ክዳኑ ብታስጠጋ ሽታው ዓይኗን ቆጠቆጣት። ፊቷን አዙራ አማተበች።

የልጁ እናት ኛማል ያጠበችውን አንሶላ በትከሻዋ ጥላ ገባች።

«ሲስተር፣ እሱ የኔ ነው።»

«ይህንን ነገር አልጋ ሥር! አይቀፍሽም?»

«የልጄ ነው» አለች ኛማል፤ ጥያቄው የገባት አትመስልም።

«የት ልትወስጂው ነው?»

«ሩቅ። መኪና አጣሁ። መንገድ ዝግ ነው አሉ።»

«እዚያስ ማን አለ?»

«የሚያየው ሰው አለ። አይቶ ይናገራል።»

«በኢየሱስ ስም!» አለች አቢጋኤል። «ሰማሽ? በአፏ!»

«ዶክተሩ ይህን ያውቃል?» አለች ሙሉብርሃን።

«ያውቃል።»

ዓይኔን እያየች ትዋሻለች፣ አለች ሙሉብርሃን በሆዷ። አማርኛ የማይሰማው ኮአንግ ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ እያየ ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታ አንጀቷን በላው። እናቱ ይህን ግም ታቅፋ ቁስሉን ስትነካካ ታያት፤ እግሩም ሲበሰብስ ታያት። በጩኸት እንደማይሆን ገብቷት ድምፅዋን አለሰለሰች።

«በይ ስጪኝ። ወደሚገባው ቦታ እኔ አደርሰዋለሁ።»

ትግል ጠብቃ ነበር። ኛማል ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ዕቃውን በሁለት እጇ አቀበለቻት፤ የሙሉብርሃንንም እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ ጫነችው።

«እግዜር ይስጥሽ ሲስተር።»

ሙሉብርሃን እጇን መንጭቃ ጋዋኗ ላይ ጠረገችው።

ከሕንፃው ጀርባ ቆሻሻ ማቃጠያው ዘንድ ሠራተኛው ኦቻን እሳቱን እየቆሰቆሰ ነበር። ዕቃውን ተቀብሎ ገለባበጠው።

«ወረቀቱስ፣ እትዬ ሙሉ?»

«ቆሻሻ ደግሞ የምን ወረቀት አለው?»

«ከኦፕራሲዮን ክፍል የሚመጣ ሁሉ ወረቀት አለው።»

«ይሄ ከአልጋ ሥር የወጣ ነው አልኩህ።»

«እንግዲያው ዛሬ ጥብስ በላን» ብሎ ሳቀ።

«ዝም በል! ክተተው።»

ከተተው። ፕላስቲኩ ተኮማተረ፤ ነበልባሉ ቦግ አለ፤ የአጥንት ሽታ ግቢውን ሞላው። ሙሉብርሃን ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ እስኪያልቅ ቆመች። ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ ሦስት ጊዜ በበረኪና ታጠበች። እግሩን አተረፍኩለት፣ አለች ለራሷ። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች።

እጇን ሳታደርቅ ኛማል እየሮጠች መጣች።

«ሲስተር! ይሄ ቀረ። ዶክተር አብሮ ይሂድ ብሎ ነበር።» ከጉያዋ አራት ቦታ የታጠፈ፣ በላብ የራሰ ወረቀት አወጣች። «ሄደ? መኪና ተገኘ?»

ሙሉብርሃን ወረቀቱን በእርጥብ እጇ ዘረጋችው። ከላይ በእንግሊዝኛ የተሞላ ቅጽ ነው፤ ከታች ሐኪሙ በእጁ በአማርኛ ጽፎበታል።

«ይህን አጥንት አዲስ አበባ ለምርመራ ለሚያደርስልን ሰው፦ እብጠቱን ሙሉ በሙሉ ስላወጣሁት ሌላ ናሙና የለንም፤ ካንሰር አለመሆኑ ካልተረጋገጠልኝ የልጁን እግር ለመቁረጥ እገደዳለሁ።»