ለደርበው መላጨት

ፀጉር ሲቆረጥ ያደገበትን ዘመን ትዝታ ይዞ መሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ ለሐዘን የሚላጭ ሰው ጠፍቷል። እትዬ የሺመቤት ግን ባላቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን ዝናሽ ፀጉር ቤት መጥተው ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

«ላጪኝ» አሉ።

ዝናሽ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ እያወጣች፣ «እትዬ፣ ይህ ፀጉር የስምንት ዓመት ነው። ጋሽ ደርበውን ካገቡ ደግሞ ስድስት ዓመትዎ ነው። ከተላጨ እሳቸውም አብረው ይሄዳሉ» አለች።

«ታዲያ እንደ ባዳ ሳልላጭለት ልቅር?»

ዝናሽ ሹሩባቸውን ፈትታ ላጨቻቸው፤ ቆዳቸው እንዳይቆጣ ቅባት ቀብታ መስተዋት አቀበለቻቸውና የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ጀመረች።

እትዬ የሺመቤት የተላጨ ራሳቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ምነው ልጄ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማን ሞቶብኝ ነው?»