ሦስተኛው አትሮኖስ

«እዚያው አቁመው!» አለ ጠበቃው ፕሬስኮት፣ አናጢው ሩዲ የተሸከመውን አትሮኖስ በጣቱ እያሳየ። «ሁለቱ ይበቃሉ። ይሄ መድረክ ላይ አይወጣም።»

ሩዲ ዞሮ ቬርናን አያት። የአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ የክርክር ሸንጎ ሰብሳቢ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ችሎት ላይ የሰው ቃል ስትጽፍ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ስምንት ዓመት ደግሞ በየሰው ደጅ ፊርማ ስትለቅም ከርማለች፤ «ለፕሬዚዳንትነት በድምፅ መስጫው ላይ ስሙ የሰፈረ ሁሉ ይከራከር» እያለች። ይህም ደንብ ሆኖ ጸደቀ። ክርክሩ ነገ ነው።

ፕሬስኮትና ዴልጋዶ የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ጠበቆች ናቸው። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ እንኳ ተስማምተው አያውቁም፤ ዛሬ ግን አንድ ወረቀት ላይ ፈርመው መጥተዋል።

«ወይዘሮ ቬርና፣ ይረዱን እንጂ፣» አለ ዴልጋዶ ድምፁን አለስልሶ። «ያቺ ሦስተኛ እጩ፣ የስንዴ ገበሬዋ፣ መድረክ ላይ ከወጣች የኛ እጩዎች አይመጡም።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ተመስገን፣ ታረቁ!» አለ ሩዲ።

ቬርና ወደ ጠበቆቹ ዞረች። «አምላኬ፣ ድምፄን ብቻ አጽናልኝ፣» አለች በልቧ።

«እንግዲያው ይቅሩ፣» አለች ጮክ ብላ። «አትሮኖሶቻቸው ግን ስማቸው ተለጥፎ፣ መብራት በርቶላቸው ይቆማሉ። ጥያቄውንም ለባዶው እንጨት እናቀርባለን። ለየመልሱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ዝም ብለን እንጠብቃለን። አገር ይየው።»

«አያደርጉትም!» አለ ፕሬስኮት።

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ዝም ብዬ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሁለት ደቂቃ ያቅተኛል?»

ጠበቆቹ ተያዩ። ስልካቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ሹክሹክታ፣ በመጨረሻም «እሺ ጌታዬ» ተሰማ። ሩዲ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀም፤ አትሮኖሱን አውጥቶ ከሁለቱ እኩል አቆመው።

ጠበቆቹ ሲመለሱ አዩት። «እሺ፣ ሁለቱም ይመጣሉ፣» አለ ዴልጋዶ።

«በሉ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር እንለይ፣» አለ ፕሬስኮት። እንደ ልማዱ ሳንቲም አውጥቶ ሊወረውር ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። አንዱን ገጽ አየ፤ ገልብጦ ሌላውን አየ።

«ለሦስተኛዋ ጠርዙን ልትሰጣት ነው?» አለ ሩዲ።

ዴልጋዶ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ቬርና ሦስት ስም ጽፋ ወረቀቶቹን አጣጠፈች፤ የሱፍ ቆቧን አውልቃ ውስጡ ጨመረቻቸውና ለፕሬስኮት ዘረጋችለት።

ፕሬስኮት እጁን ከቷል፤ ይዳብሳል። ሦስቱም ወረቀቶች ለጣቶቹ አንድ ናቸው።